ሎጁ ይቆይ፣ መጀመሪያ መንገዱ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በጋዜጣችሁ ስለ ሰሜን ሸዋ ቱሪዝም ሲጻፍ አያመልጠኝም፤ የአገሬ ጉዳይ ነውና። ሁሌ የሚነሳው ግን ሎጅ ነው። ሎጅ ቢሠራ፣ ባለሀብት ቢገባ፣ አስፋልቱ እስከ ገደሉ አፋፍ ቢደርስ። እኔ ሌላ ነገር ልበል። ከአንኮበር እስከ መንዝ ጓሳ ሣራማ ደጋ ድረስ በእግር የሚያስኬድ መንገድ አለ። ማንም እንዲሠራው አያስፈልግም፣ የገበያተኛና የአጋሰስ እግር ከሠራው ስንት ዘመኑ። የቀረው ነገር ቢኖር አንድ መሥሪያ ቤት መንገዱን አውቆት በካርታ ላይ ማስፈሩ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሃይኪንግ ፋሽን ሆኗል። ጥሩ ነው፣ እሰየው። እሁድ ጠዋት ሚኒባስ ሞልተው ወደ ወንጪ፣ ወደ መናገሻ ሱባ፣ ወደ ዝቋላ የሚሄዱትን ወጣቶች ሳይ ደስ ይለኛል። ግን ጉዞው ማታ ቤት ለመግባት የተሰላ ነው። ጥቂት ሰዓት ይኬዳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ጥብስ ይበላል፣ አለቀ። ያደግንበትን አገር ከዳር እስከ ዳር፣ እያደሩ፣ በእግር መሄድ ግን የፈረንጅ ሥራ ተደርጎ ተትቷል። አባቶቻችን በእግራቸው ሲነግዱበት በኖሩበት አገር!

መንገዱን ላልሄደበት ሰው ልንገር። ከታች ከአልዩ አምባ መጀመር ይቻላል። ይህች ከተማ የአፋር በረሃን አቋርጦ የሚመጣው የጨው ሲራራ ነጋዴ መግቢያ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1841 ከታጁራ ተነስቶ ወደ ንጉሥ ሳህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዙ መልእክተኛ ኮርንዋሊስ ሃሪስም የወጣው በዚሁ ዳገት ነው። ዳገቱ ጉልበት ይፈትናል። አንኮበር ሲደረስ፣ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ከነበረበት ኮረብታ ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ቆላውን ማየት ነው። ከዚያ ሌት ማረፊያ የሚባለው ቦታ ነው፣ ጣሊያናዊው ተመራማሪ አንቲኖሪ የምርምር ጣቢያውን መሥርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 ሞቶ የተቀበረበት። ቀጥሎ ወፍ ዋሻ ደን ይገባል። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ በላይ በላዩ ጉሬዛ ይዘላል። ደኑ ውስጥ ያለው መንገድ እርጥብ ነው፣ ከዝናብ በኋላ ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፣ ዱላ ያልያዘ ሰው ሥሩን ጨብጦ በቂጡ ነው የሚወርደው። በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማ በር ሲወጣ የደሴ መኪና ጡሩምባ ይሰማል፤ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ መዘዞን አልፎ በገደሉ አፋፍ አፋፉን ጓሳ ድረስ ነው፣ ብርድ ነው፣ ጭላዳ ነው፣ ዕድል ከቀናም ቀይ ቀበሮ ነው። ሰው እንደ ጉልበቱ ነው እንጂ ሳይቸኩል በሳምንት ይደርሳል።

በመንገድ ላይ ርቀት መጠየቅ ግን ትርፉ ድካም ነው። "መዘዞ ሩቅ ነው እንዴ እማማ?" ስትላቸው "ኧረ ምኑ ይርቃል፣ ያችትና!" ይሉሃል። ያችትና ያሏት ሁለት ሰዓት ታስኬዳለች።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። ፈረንጅ ከሆንክ ሕፃናት ይከተሉሃል እንጂ ማን ብሎ የሚያቆምህ የለም። ሐበሻ ሆነህ ሻንጣ አዝለህ ከታየህ ግን በየቀበሌው "ከየት ነው? ምን ልታጠኑ ነው? የድጋፍ ደብዳቤ አላችሁ?" ነው። ከጓደኛዬ ጋር ስንሄድ አንዱ ቀበሌ የጻፈልንን ደብዳቤ የሚቀጥለው አላውቀውም ብሎ ግማሽ ቀን አስቀመጠን። በሰዎቹ አልፈርድም፣ ጊዜው የሚያስጠረጥር ነው፤ "ዝም ብለን አገር ልናይ ነው" የሚል መልስም ጭራሽ ያስጠረጥራል። ዞኑ ለመንገዱ በሙሉ የሚያገለግል አንድ ወረቀት ቢያዘጋጅ ግን ምን ይከብደዋል?

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ገበሬ ቤት የመሸበት እንግዳ ሆነህ ትገባለህ። "ቤት የእግዜር ነው" ብለው እሳት ዳር ያስቀምጡሃል፣ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ቀርቦ እግርህ ይታጠባል፣ ያለችውን አንዲት የመንዝ ባና ለአንተ ሰጥተው እነሱ በጋቢ ያድራሉ። ጠዋት ብር ስታወጣ ይቆጣሉ። ለአንድ እንግዳ ይሄ ወግ ነው፤ በየሳምንቱ አሥር ሰው ቢመጣ ግን ድሃ ቤት ማራቆት ነው። ስለዚህ ዋጋው አስቀድሞ ተቆርጦ በመንደሩ ማኅበር በኩል ቢከፈል አስተናጋጁም አያፍርም፣ እንግዳውም አይሳቀቅም። ላሊበላ አጠገብ መቄት ውስጥ ከሃያ ዓመት በፊት የተጀመረው ይኸው ነው፤ መንደሮቹ ራሳቸው ጎጆ ሠርተው፣ ተራ ገብተው፣ እንግዳ እየተቀባበሉ፣ ገቢውን እየተካፈሉ። ሎጅ ቢሆን ገንዘቡ አንድ ግቢ ውስጥ ይቀራል። እግረኛ ግን አንዱ ቤት እንጀራ፣ ሌላው ቤት ጠላ፣ ወዲያ ማዶ በቅሎ እየተከራየ ብሩን እየበተነ ነው የሚሄደው።

የመንዝ ሰው ይሄን አያቅተውም። ጓሳን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት የጠበቀ ሕዝብ ነው። የአቅኚዎቹ አባቶች የአስቦና የገራ ተወላጆች ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ በስምምነት ከፍተው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ያጭዱት ነበር። በ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ነዋሪው ዛሬም በኮሚቴ ይዞታል። ሣር ያስተዳደረ ማኅበር የእግር መንገድ ማስተዳደር ይሳነዋል?

"በዚህ ሰዓት ስለ ሽርሽር ታወራለህ?" የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ልክ ነው፣ ዛሬ ተነሱና ሂዱ አላልኩም። ሰላም በሌለበት የማንንም ልጅ መንገድ አላስወጣም። ሥራው ግን ሰላም እስኪመጣ የሚቆይ አይደለም፣ መንገዱ እየጠፋ ነውና። እርሻው በየዓመቱ አንድ ትልም ይገፋዋል፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል፣ አጥር ይዞርበታል። ወጣቱ በባጃጅ ስለሚሄድ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይደርቅ፣ በየት በኩል ወንዝ እንደሚሻገር የሚያውቁት ሽማግሌዎቹ ናቸው። እነሱን ጠይቆ መመዝገብ ጠመንጃም በጀትም አይፈልግም፤ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ሊይዙት ይችላሉ።

እናንተም ብትሆኑ አገሩ ሲረጋጋ አንድ ጋዜጠኛ ላኩ፣ በመኪና ሳይሆን በእግሩ። ከጥቅምት በኋላ ይሁን፣ ክረምት ላይ ወፍ ዋሻ አይወረድም። የጓሳ ሌሊት ውርጭ ስለሆነ ወፍራም ልብስ ይያዝ፣ በሶም አይርሳ። ደብዳቤውን ግን ቀደም ብላችሁ አጽፉለት፣ ቢቻል በየቀበሌው አንድ ኮፒ።

የሰሜን ሸዋ ልጅ
ከአዲስ አበባ