ደብዳቤ ለልጄ፦ ፈተና ስለሌላቸው ክፍለ ጊዜያት

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራው እስኪያልቅ ግን ጥቂት መቆየቴ አይቀርም። የላክሽልኝን የክፍለ ጊዜ ሠሌዳ ደጋግሜ አየሁት። ከሒሳብና ከሳይንስ ጎን በቀይ እስክሪብቶ ኮከብ አድርገሻል። ከቤተ መጻሕፍት፣ ከስፖርትና ከንባብ ጎን ግን «ፈተና የላቸውም» ብለሽ ጽፈሽ አልፈሻል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ግን ተናደድኩ። በአንቺ አይደለም። ልጅ ከትምህርት ቤት በተመለሰ ቁጥር «ዛሬ ከስንት ስንት አገኘሽ?» ከማለት በቀር ሌላ ጥያቄ በማያውቁ አዋቂዎች ነው። እንዲህ ሲጠየቅ ያደገ ልጅ፣ ቁጥር የማይሰጥበትን ነገር ሁሉ ጨዋታ አድርጎ ቢቆጥረው አይፈረድበትም።

እኔ ግን በዚህ ወር ከተማርሽው ሁሉ ትልቁን ያገኘሽው በእነዚያ ኮከብ በነፈግሻቸው ሦስት ክፍለ ጊዜያት ነው ባይ ነኝ። ማስረጃዬም አንቺው በስልክ የነገርሽኝ የኳስ ሜዳ ጭቅጭቅ ነው።

ያቺ ልጅ ኳሱን ከመስመር ውጪ በእጇ ወረወረች፤ ጓደኛዋ ከተከላካዮቻችሁ ሁሉ ጀርባ ብቻዋን ቆማ ጠበቀችና አገባችብሽ። አንቺ እጅሽን አንሥተሽ «ኦፍሳይድ!» ብለሽ ጮኽሽ፤ ኳሱ ሲላክላት ከተከላካዮች አልፋ ቆማ ስለነበር ግቡ አይቆጠርም ማለትሽ ነው። እነሱ «በእጅ ውርወራ ኦፍሳይድ የለም» አሉ። ግማሹ ከአንቺ፣ ግማሹ ከእነሱ ጋር ሆኖ ደወል እስኪደወል ተጨቃጨቃችሁ። የስፖርት መምህራችሁ መልሱን በአንድ ቃል ተናግረው ነገሩን መቁረጥ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን «ነገ ቤተ መጻሕፍት ትገባላችሁ፤ እዚያ ፈልጉት» አሏችሁ። እኚህን ሰው ሳላያቸው ወደድኳቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው እኔ ትምህርት የምለው። የእግር ኳሱ መጽሐፍ ጀርባው ላይ 796.334 የሚል ቁጥር እንዳለው ተነገረሽ። መደርደሪያው ጋ ስትደርሺ 796.42 የሚል የሩጫ መጽሐፍ አገኘሽ፤ 334 ከ42 ስለሚበልጥ የአንቺው ከእሱ ቀጥሎ ነው ብለሽ ወደ ቀኝ ሄድሽ። መጽሐፉ የለም። የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ መጥተው «ከነጥቡ በኋላ ያሉትን አሃዞች አንድ በአንድ እያነጻጸርሽ ሂጂ» ሲሉሽ፣ መጀመሪያ 3ን ከ4 ጋር አስተያየሽ፤ 3 ያንሳል፤ ስለዚህ 796.334 ይቀድማል። ወደ ግራ ተመለስሽና አገኘሽው። ይህ በሒሳብ መጽሐፍሽ ውስጥ «አስርዮሽ» ተብሎ የሚመጣው ትምህርት ነው። እዚያ ስትደርሺ ኮከብ ታደርጊለት ይሆናል፤ አንቺ ግን መደርደሪያ ሥር ተንበርክከሽ ቀድመሽ ተምረሽዋል።

ቁጥሮቹን ማን እንዳወጣቸው ጠይቀሽኝ ነበር። ሜልቪል ዲዊ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1876 የሰውን ዕውቀት በ10 ትልልቅ ክፍሎች መድቦ ለእያንዳንዱ መቶ መቶ ቁጥር ሰጠ። 500ዎቹ ሳይንስ ናቸው፣ 900ዎቹ ታሪክና ጂኦግራፊ፤ ስፖርት ከሙዚቃና ከሥዕል ጋር 700ዎቹ ውስጥ ገብቷል። ሰው የሠራው ነገር ነውና ጉድለት አያጣም። ሃይማኖት በሚመደብበት በ200ዎቹ ውስጥ ለክርስትና አብዛኛውን ቦታ ሰጥቶ የቀሩትን የዓለም ሃይማኖቶች ሁሉ ጥግ ላይ አጨናንቋቸዋል፤ በዚህም ሲወቀስ ኖሯል። ይህን የምነግርሽ መደርደሪያም ቢሆን የደረደረው ሰው አስተሳሰብ እንደሚታይበት እንድታውቂ ነው።

ደግሞ «መጽሐፉን እንዳላቆሽሸው ብዬ ቤት አልወሰድኩትም» ማለትሽን አልወደድኩትም። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት መጻሕፍቱ በመስታወት ቁም ሣጥን ተቆልፎባቸው ነበር የሚኖሩት። ርዕሳቸውን በመስታወቱ እናነብ ነበር፤ በጣም ንጹሕ ነበሩ፤ ማንም አልነካቸውም። ራንጋናታን የሚባል ሕንዳዊ፣ እሱም አስቀድሞ የሒሳብ መምህር የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 አምስት የቤተ መጻሕፍት ሕጎች ጽፎ አሳትሟል፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ የሚቀመጠው ለአገልግሎት ነው የሚል ነው። እጅሽን ታጠቢና ውሰጂው፤ የተባለው ቀን ሲደርስ መልሺ። ሌላ ነገር አይጠበቅብሽም።

ወደ ጭቅጭቁ ልመለስ። መጽሐፉን አገኘሽ፣ ማውጫውን አየሽ፣ ከ17ቱ የእግር ኳስ ሕጎች መካከል ኦፍሳይድ 11ኛው መሆኑን ደረስሽበት፣ ገጹንም ገለጥሽ። በእጅ ውርወራ፣ በመልስ ምትና በማዕዘን ምት በቀጥታ የመጣን ኳስ የተቀበለ ተጫዋች ኦፍሳይድ አይባልም ይላል። ተሸነፍሽ። ያን ገጽ ለጓደኞችሽ ጮክ ብለሽ ያነበብሽላቸው ግን አንቺ ራስሽ ነሽ። መጽሐፉን ከድነሽ «አላገኘሁትም» ማለት ትችዪ ነበር። እናትሽ ይህን ስትነግረኝ ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ፤ ምን እንደምል ጠፋኝ።

አሁን ወደሚያሰለችሽ ነገር እንምጣ፤ ማታ ማታ አንድን ገጽ ደግሞ ማንበብ። «አንዴ አንብቤዋለሁ፣ ምን እንደሚል አውቃለሁ፣ ለምን እደግመዋለሁ?» ትያለሽ። ኳስ እየነዳሽ መሮጥ ስትጀምሪ ዓይንሽ ከእግርሽ አይነቀልም ነበር፤ ስለዚህ ማን ባዶ ቦታ እንደቆመ አታዪም። አሁን እግርሽ ራሱ ያውቀዋል፤ ቀና ብለሽ ሜዳውን ታያለሽ። ንባብም እንደዚያው ነው። ፊደሉን ለመለየት የምትደክሚ ከሆነ ሐሳብሽ ሁሉ እዚያው ያልቃል፣ ለትርጉሙ የሚተርፍ አይኖርም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ንባብ ዓይንሽ ቃሉን እንዳየው ወዲያው እንዲያውቀው ያደርገዋል።

ዓይን ስል አንድ ነገር ላሳይሽ። ወንድምሽን ፊት ለፊት አስቀምጪና ድምፅ ሳያሰማ ሲያነብ ዓይኑን ብቻ ተመልከቺ። በመስመሩ ላይ እየተንሸራተተ የሚሄድ አይደለም፤ ይዘልላል፣ ይቆማል፣ ይዘልላል። በእያንዳንዱ ማረፊያ ላይ የሚቆየው ሩብ ሰከንድ ያህል ነው። አልፎ አልፎም ወደ ኋላ ይመለሳል። አንቺ ወደ ኋላ ስትመለሺ «ተሳሳትኩ» ብለሽ ትበሳጫለሽ፤ ጎበዝ አንባቢም ይመለሳል። በተለይ በእኛ ጽሑፍ መመለስ ግድ ነው፤ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይምና። «ኳሱ ይመታል» የሚለውን አላልተሽ አንብበሽ ነገሩ አልገጥም ሲልሽ፣ ተመልሰሽ አጥብቀሽ አነበብሽው አሉ። ማንም ሳያርምሽ ራስሽን ማረምሽ እኮ የምታነቢው ነገር ስለገባሽ ነው።

መጽሐፍ አመራረጥን በተመለከተ መምህርትሽ ያስተማሯችሁ የአምስት ጣት ዘዴ ጥሩ ነው፤ አንድ ገጽ ገልጦ፣ የማያውቁት ቃል በተገኘ ቁጥር አንድ ጣት ማጠፍ፣ አምስቱም ከታጠፉ መጽሐፉን ለሌላ ጊዜ ማቆየት። እኔ ግን አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። ነገሩን በጣም ከወደድሽው ሰባት ጣት ቢታጠፍም ውሰጂው። ያ የእግር ኳስ መጽሐፍ በአምስት ጣት ቢለካ ኖሮ መደርደሪያው ላይ ይቀር ነበር፤ ማወቅ የፈለግሽው ነገር ስለነበረ ግን ከባዱን ቃል ሁሉ እየጠየቅሽ ዘለቅሽው። በተቃራኒው፣ ቀላል ሆኖ የሚያሰለች መጽሐፍ ከገጠመሽ መልሺው። የጀመሩትን መጽሐፍ ሁሉ መጨረስ ግዴታ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም።

ከግብ ጠባቂነት ልውጣ ያልሽውን በተመለከተ፣ ምርጫው የአንቺ ነው። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በተሸነፋችሁበት ቀን አትወስኚ። የአዋቂዎች ግብ ስፋቱ 7.32 ሜትር፣ ከፍታው 2.44 ሜትር ነው፤ የፍጹም ቅጣት ምት ደግሞ ከ11 ሜትር ላይ ነው የሚመታው። ያን ሁሉ ቦታ በአንድ ጊዜ መሸፈን የሚችል ሰው የለም፤ የዓለም ምርጥ የተባሉትም ይገባባቸዋል። የእናንተ ግብ ቢያንስም አንቺም ታንሻለሽ። አንድ ሳምንት ቆይተሽ፣ ደስ እያለሽ በወጣሽበት ቀን አስቢበት፤ ያኔም «አልፈልግም» ካልሽ ለመምህሩ ራስሽ ንገሪያቸው፤ እኔ አልናገርልሽም።

አሁን ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ተነሥቷል አሉኝ። አንቺ ግብ ጠባቂ ኳሱን በእጁ መያዝ የሚችለው ለ6 ሰከንድ ነው ትያለሽ፤ መጽሐፉ ውስጥ አንብበሽዋል። ያቺው ልጅ 8 ነው ትላለች፤ በቴሌቪዥን ሰምታዋለች። እናንተ ሁለታችሁ መቼ ነው የምትስማሙት? ይህን ግን ብዙ ሳላስጠብቅሽ ልንገርሽ፤ እሷ ትክክል ናት፣ መጽሐፉም አልዋሸም። የእግር ኳስን ሕግ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1886 የተቋቋመ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሕጉን ሲያሻሽል ኖሯል። ከ2025/26 የውድድር ዘመን ጀምሮ ጊዜው 8 ሰከንድ ሆኗል፤ ከዚያ በላይ የያዘ ግብ ጠባቂ የሚቀጣውም እንደ ቀድሞው በቀጥታ በማይመታ ቅጣት ምት ሳይሆን በማዕዘን ምት ነው። ዳኛውም የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች እጁን አንሥቶ በጣቶቹ ይቆጥራል።

ስለዚህ በሚቀጥለው የቤተ መጻሕፍት ቀን ያንኑ መጽሐፍ አውጪና ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለውን ገጽ እዪ። በትንንሽ ፊደል የታተመበት ዓመት ተጽፏል፤ እስካሁን ዘልለሽው የሄድሽው ገጽ ነው። ዓመቱን ጻፊልኝ። ከዚያ የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ አዲስ እትም እንዳላቸው ጠይቂያቸው፤ ከሌላቸውም እንዲያስመጡ በትሕትና ንገሪያቸው። ያቺንም ልጅ ይዘሻት ብትሄጂ ጥሩ ነው፤ ለሁለት ስትጠይቁ ቶሎ ይሰማል።

ይህን ደብዳቤ ለወንድምሽ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። እናትሽን ሳሚልኝ።

አባትሽ