በረዶ ሲጥል ዴስክ ሥር የሚገባው ልጅ

ክቡር አዘጋጅ፣

ደሴ ውስጥ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ ከስልሳ በላይ ልጆች አሉ። አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነው ነው የሚቀመጡት።

በበልጉ ዝናብ አንድ ቀን በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አንዱ ተማሪዬ ዴስክ ሥር ገባ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሊያስቅ የፈለገ መስሎኝ አንበረከክሁት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከሳምንት በኋላ እናቱ መጥታ ነገረችኝ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ከተማችን በጦርነቱ ስትያዝ፣ ልጁ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ከባድ መሣሪያ በጮኸ ቁጥር አልጋ ሥር ታስገባው ነበር። ልጁ እኔ ክፍልም ያደረገው የተማረውን ነው።

ነገሩን ስታፍ ውስጥ አነሳሁት። አንዱ ባልደረባዬ «እኔ ራሴ ሳልድን ማንን ላድን?» አለኝ። መልስ አጣሁለት። እሱም ያኔ እዚሁ ነበር። ሌላዋ «ይሄ የሐኪም ሥራ ነው» አለች። ልክ ናት፤ ግን ሐኪሙ የታለ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የአእምሮ ጤና ችግር ሲሶው የሚጀምረው 14 ዓመት ሳይሞላ ነው። እኛ እጅ ላይ እያሉ ማለት ነው።

ወላጅ ጠርቼ «ባለሙያ ይየው» ስል «ልጄን አማኑኤል ውሰጂው ልትይኝ ነው?» ብላ የተቆጣችኝ እናት አለች። ሆስፒታሉ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ነው ያለው። ስሙ ግን እዚህ ድረስ ስድብ ሆኖ መጥቷል። ጠበሉንም ዱዓውንም አልቃወምም፤ ሐኪሙም ይጨመርበት ነው የምለው።

የአንድ ቀን ሥልጠና ከእንግዲህ አያስፈልገንም። ወስደናል፤ ወረቀቱም መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሷል። እኔ የምለምነው ጊዜ ነው። በሳምንት 28 ክፍለ ጊዜ አስተምራለሁ። ለስም ጠሪ መምህር ሁለቱ ይቀነሱለትና ልጆቹን አንድ በአንድ ያናግር። ከአቅማችን በላይ የሆነውን ደግሞ የምንልክለት ሰው እንፈልጋለን። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ደሴ የአእምሮ ሕክምና ያስተምራል። ተማሪዎቹ ከመምህራቸው ጋር በወር አንድ ቀን ወደ እኛ ቢመጡ ምን ይከብዳል?

ልጁን አሁን በሩ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ከጦሳ ተራራ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር «ዝናብ ሊመጣ ነው» ብዬ ቀድሜ እነግረዋለሁ። ለጊዜው የማውቀው ሕክምና ይኼው ነው።

አንዲት መምህርት፣ ከደሴ