ስለጠየቁኝ ቀላል ጠመንጃ፣ ለአባቴ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ትከሻዎስ ሌሊት ያስተኛዎታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሹ ልጅ የፊት ጥርሶቹን አውልቆ በድዱ እየሳቀ ነው። ማንበብ ጀምሯል፤ ያገኘውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብሎ ካላነበበ አይተኛም። ትልቋ ቁመቷ እናቷን ሊያልፍ ነው። በሂሳብ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታ አንደኛ ባለመሆኗ አኩርፋ ከረመች፤ እልኳ የእርስዎ ነው። እናታቸው ሥራ ቀይራለች፤ ከቀድሞው ይሻላል፣ ቢያንስ ማታ በጊዜ ትገባለች።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሰንብቷል። የጠየቁኝ ነገር አጭር ነበር፦ ክብደቱ ቀላል፣ ዋጋው ኪስ የማይጎዳ፣ እጀታ ሳይጎተት ራሱ የሚያቀባብል የአደን ጠመንጃ። ለዚህ መልስ ለመስጠት ብዙ ቀን አያስፈልግም ነበር። ያዘገየችኝ በመጨረሻ የጨመሯት አንዲት መስመር ናት። እሷ ላይ እደርሳለሁ፤ መጀመሪያ ስለ ጠመንጃው ልጻፍልዎ።

ነባሩ ጠመንጃዎ ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ፣ ከነማንገቻውና ከነጥይቱ ወደ አምስት ኪሎ ይጠጋል። የትከሻዎ ጅማት ከተሰፋ በኋላ ያንን ተሸክሞ መዋል፣ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላም ክንድን አንስቶ እጀታ መጎተት እንዴት እንደሚያምዎ ይገባኛል። ስለዚህ ከፊል አውቶማቲክ መፈለግዎ ተገቢ ነው። ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳል፤ ከዚያ ራሱ ባዶውን ቀለህ አስፈንጥሮ ቀጣዩን ያጎርሳል።

ነገር ግን አባዬ፣ ክብደት ሲቀንስ ወደ ትከሻ የሚመለሰው ምት ይጨምራል። ጥይቱ ያው ሆኖ አራት ኪሎ የነበረው ጠመንጃ ሦስት ኪሎ ቢሆን፣ የምቱ ጉልበት በሲሶ ያድጋል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነውና የሻጭ ምላስ አይለውጠውም። በጋዝ የሚሠሩት ጠመንጃዎች በዚህ ረገድ ይረዳሉ። ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱን በአፈሙዙ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ወስደው ፒስተን ይገፉበታል፤ ምቱም ባንድ አፍታ ከመድረስ ይልቅ ዘርዘር ብሎ ይመጣል። ከዱላ ይልቅ የእጅ ግፊት ይመስላል። ይህ ግን የጥይቱን ኃይል አያጠፋውም። ስለዚህ ከጠመንጃው በፊት ጥይቱን እንምረጥ።

ከ1906 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ) ያለውን 30-06 የሚባለውን ጥይት ከእንግዲህ ይተዉት፤ እድሜ ልክዎን የተኮሱበት መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ለተሰፋ ትከሻ አይሆንም። በ1952 የወጣው 308 ትንሽ ይለዝባል። እኔ የምመርጥልዎ በ1955 የመጣውን 243 ነው። የ308ን ቀለህ አንገቱን አጥብበው የሠሩት ነው፤ እርሳሱ 6.5 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በእኩል ክብደት ጠመንጃ ቢተኮስ ምቱ የ308ን ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። በደንብ ከተነጣጠረ ለድኩላና መካከለኛ ቁመት ላላቸው አጋዘኖች በቂ ነው። ለትልቅ ከርከሮ ግን አልመክርም። ከሁሉም የሚለዝበው 223 ነው፤ ሩገር ሚኒ-14 የሚባለው በዚህ ጥይት የሚሠራ፣ ሦስት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጠንካራ ጠመንጃ አለ። ሆኖም በአንዳንድ አገሮች 223ን በድኩላ ላይ መተኮስ ሕግ ይከለክላል፤ ባይከለክልም እንስሳው ቆስሎ ካመለጠ እርስዎ ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስድዎትም። ስለዚህ ይቅር።

ወደ ጠመንጃዎቹ ስመጣ፣ ልቤ ያረፈው ከ1967 ጀምሮ በሚሠራው ብራውኒንግ ባር ላይ ነው። አካላቸው ከአሉሚኒየም የሆኑት አጫጭሮቹ ዓይነቶች ሦስት ኪሎ ከጥቂት ግራም ይመዝናሉ። አዲሱ ውድ ነው። በሚገባ የተያዘ ያገለገለ ቢገኝ ግን ከአቅማችን አይወጣም። በገበያ ላይ በጣም ረክሶ የሚያገኙት ከ1960 እስከ 1980 ሲመረት የነበረው ሬሚንግተን 742 ይሆናል። ዋጋው አያታልልዎት። መዝጊያው ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለስባቸው የውስጥ ሐዲዶች በጊዜ ብዛት ይበላሉ፤ አንዴ ከተበሉ ደግሞ ጥገናው ከጠመንጃው ዋጋ ጋር አይመጣጠንም። ሻጩ እንዲፈታው ይጠይቁ፤ መብራት አስገብተው ሐዲዱን በጣትዎ ይዳስሱ፤ ሻካራ ከሆነ አይግዙ። መለዋወጫ ካዝና፣ ማለትም ጥይቱን የሚይዘው ሳጥን፣ መገኘቱንም ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይቁጠሩ።

በወረቀት ላይ የሚያዩት ክብደት የባዶ ጠመንጃ ክብደት ነው። መነጽሩ ከነማሰሪያው ግማሽ ኪሎ ገደማ ይጨምራል፤ እንደ እርስዎ ያለ ትልቅ መነጽር ከተሰቀለበት ደግሞ ቀላል ብለን የገዛነው ይከብዳል። ትንሽ መነጽር፣ ዝቅተኛ ማጉያ፤ እርስዎ እንደሆነ ከመቶ ሜትር በላይ ርቀው ተኩሰው አያውቁም።

ሁለት ነገር ደግሞ ይለምዷቸው ዘንድ አሁኑኑ ልንገርዎ። አንደኛው ድምፅ ነው። በነባሩ ጥይት ሲያጎርሱ እጀታውን በለሆሳስ ገፍተው አራዊቱ ሳይሰማ ይዘጉታል። በዚህኛው አይቻልም። መዝጊያውን ለቅቀው በራሱ ጉልበት ማስመታት ግድ ነው፤ በእጅ ከተደገፈ በደንብ ላይቆለፍ ይችላል። ስለዚህ ቦታዎን ከመያዝዎ በፊት ማጉረስ ይኖርብዎታል።

ሁለተኛው ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ነው። እርስዎ ከተኮሱ በኋላ እጀታውን ሳይነኩ ጠመንጃውን ዝቅ አድርገው ወደ ወደቀው እንስሳ ይራመዳሉ። ሁልጊዜም እንዲህ ነበሩ። በነባሩ ጠመንጃ ይህ አይጎዳም፤ በውስጡ ያለው ባዶ ቀለህ ነውና። በአዲሱ ግን በዚያች ቅጽበት ሁለተኛው ጥይት ጎርሷል፤ ጣት ቃታውን ቢነካ ይተኩሳል። ከፊትዎ የሚሄድ ሰው ካለ ይሞታል። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ፣ እግርዎ ከመነሳቱ በፊት፣ የቃታውን መቆለፊያ መግፋት አለብዎት። እጅዎ ያለማሰብ እስኪያደርገው ድረስ በባዶ ጠመንጃ ቤት ውስጥ ይለማመዱት። እናቴ ቆማ ትይዎት።

አሁን ወደዚያች መስመር። «ለልጅቱም የሚመች ይሁን፣ በሚመጣው የአደን ወቅት ይዣት እወጣለሁ» ብለው ጽፈዋል።

አንብቤ ደብዳቤውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። እሷ ይህን ብትሰማ በደስታ እንደምትሰክር አውቃለሁ፤ ስለ እርስዎ አደን መጠየቅ አታቆምም። አልነገርኳትም።

አባዬ፣ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እርስዎም ያስታውሱታል ብዬ አምናለሁ፤ በቤታችን ግን አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም። ያው 30-06 ነበር፣ ሰደፉ በአዋቂ ልክ የተቆረጠ፣ ለእኔ ከብብቴ በታች የሚንጠለጠል። ጆሮዬ ላይ ምንም አልነበረም። በመጀመሪያው ተኩስ ትከሻዬ የተሰበረ መሰለኝ። ሁለተኛውን ስተኩስ ቃታው ሳይሳብ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሦስተኛውን አልተኩስም ስል በአጎቶቼ ፊት «ያመመህ ትከሻህ አይደለም፣ ልብህ ነው» አሉኝ። እነሱም ሳቁ። ትከሻዬ ጠቁሮ ሰነበተ፤ እናቴ ስትጠይቀኝ ወደቅሁ አልኳት። ከዚያ በኋላ አብሬዎት አልወጣሁም፤ እርስዎም አልጠየቁኝም። ወንዙን ተሻግረው ከእነማን ጋር እንደሚሄዱ በመስኮት እያየሁ አደግሁ።

ይህን ሁሉ ዓመት ፈሪ ነኝ ብዬ ኖሬያለሁ። በኋላ ነው ከሚያስተምሩ ሰዎች የሰማሁት፦ ሰውነት ከምትና ከፍንዳታ ይማራል፤ አንዴ ከተመታ ቀጥሎ የሚመጣውን ቀድሞ ይጠብቃል፤ ዓይን ይጨፈናል፣ ትከሻ ይሸሻል፣ ጥይቱ ይስታል። ይህ በጎልማሳ አዳኝም ይደርሳል። የልብ ጉዳይ አይደለም። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ምቱ የማይሰማ ትንሽ ጠመንጃ፣ የጆሮ መከላከያ፣ ብዙ ትዕግሥት። ሩገር 10/22 የሚባለው ከ1964 ጀምሮ አለ። ክብደቱ 2.3 ኪሎ ገደማ፣ ጥይቱ ከሁሉም የረከሰ፣ ምቱ ከምንም የማይቆጠር። እኔ ልጅ ሳለሁም ነበረ። ዛሬ የእርስዎ ትከሻ ሲታመም ቀላል ጠመንጃ መፈለግ ትክክል ከሆነ ያኔም ትክክል ነበር።

ይህን የምጽፈው ላሳዝንዎ አይደለም። ስለ እሷ ነው። ልጄ ጠመንጃ የምትማር ከሆነ በ10/22 ትጀምራለች፤ ጆሮዋ ተሸፍኖ፣ በካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ ሆኖ። ሁለተኛ ጥይት የሚገባው መቆለፊያውን ሳይነገራት መግፋት ስትለምድ ነው። 243ቱን የምትነካው እሷ ስትጠይቅ ብቻ ነው። ዓይኗን ብትጨፍን ማንም አይስቅም። ድኩላ መምታት አልፈልግም ካለች ጠመንጃው ወርዶ ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ በመንገድም ስለ ሌላ ነገር ይወራል። ይህን ቃል ከእርስዎ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።

ሌላም አለ፣ እሱን ለመጻፍ ነው እስካሁን የዞርኩት። ባለፈው በስልክ ስለዚያ ጥጃ እየሳቁ አጫወቱኝ። ሲመሽ፣ ከቁጥቋጦው ጥግ፣ ድኩላ መስሎዎት አነጣጥረው፣ ጣትዎ ቃታው ላይ ሆኖ፣ ጭራውን ሲወዘውዝ ነው የጎረቤት ጥጃ መሆኑን ያወቁት። እኔ አልሳቅሁም፤ ስልኩን ዘግቼ ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። እናቴ ደግሞ ማታ ማታ መብራት ሲያዩ ዙሪያው ይበተንብኛል እንደሚሉ፣ ደብዳቤዬንም እሷ እንደምታነብልዎ ነግራኛለች። ይህ የዓይን ሞራ ይመስለኛል። ሞራ ከሆነ ይታከማል፤ የደፈረሰውን የዓይን ሌንስ አውጥተው በሰው ሠራሽ ይተኩታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። መነጽር ቢያጎሉት፣ ጠመንጃ ቢያቀልሉት ግን አይድንም።

ስለዚህ በግልጽ ልበለው፦ ዓይንዎ ሳይመረመር ልጄን ከእርስዎ ጋር አልልክም። ከተመረመሩም በኋላ ቢሆን ብቻችሁን አትወጡም፤ ሦስተኛው ሰው እኔ ነኝ። ከጎኗ እኔ እሄዳለሁ፤ ሦስታችንም ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ብርቱካናማ እንለብሳለን፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ማንም ቃታ አይነካም። ይህን ሲያነቡ እንደሚቆጡ አውቃለሁ። ይቆጡ። ግን ቀጠሮውን ያስይዙ። ሐኪም ቤት እኔ መጥቼ እወስድዎታለሁ፤ ጠመንጃውንም ከዚያ በኋላ አብረን ሄደን እንመርጣለን፣ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ።

የደም ግፊት ክኒንዎን ይዘላሉ አሉ። እባክዎ አይዝለሉ። የጠመንጃውና የጥይቱ መቆለፊያ ለየብቻ ይሁን፤ ቁልፉም በደጁ ሚስማር ላይ አይንጠልጠል፤ ትንሹ ልጅ አሁን የማይደርስበት ቦታ የለም። የአገሩን ሕግ ደግሞ ስለ ካዝናው ይጠይቁ፤ የዱር አራዊትን ለመጠበቅ በተፈረመው በ1979 የበርን ስምምነት መሠረት በአውሮፓ ከሁለት ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና ባለው ከፊል አውቶማቲክ ማደን የተከለከለ ነው፤ ሌሎች አገሮችም የየራሳቸው ወሰን አላቸው፤ ያለ ፈቃድ ደግሞ ምንም አይገዛም።

ሰደፉ በልክ እንዲሆን አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ቀኝ ክንድዎን ዘጠና ዲግሪ አጥፈው ይቁሙ፤ እናቴ ከክርንዎ የውስጥ መታጠፊያ እስከ ሌባ ጣትዎ የመጀመሪያ አንጓ ድረስ በሜትር ትለካ። ለአዋቂ የሚሠሩት ሰደፎች አብዛኛውን ጊዜ ከ34 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ናቸው። የልጅቱን ለክቻለሁ፤ 31 ነው፤ ለምን እንደለካሁት አልነገርኳትም፤ መልስዎን እየጠበቅሁ ነው። የእርስዎን ቁጥርና የዓይን ሐኪሙን የቀጠሮ ቀን አንድ ላይ ጽፋችሁ ላኩልኝ።

አክባሪ ልጅዎ