ለዳታ ሴንተር አገር ስትመርጡ የክፉውን ቀን ጠይቁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ትንንሽ አገሮች ለዳታ ሴንተር (ብዙ ሰርቨር ኮምፒውተሮች ለሚሠሩበት ሕንፃ) ምን ያህል እንደሚመቹ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ርካሽ መብራት፣ ቀዝቃዛ አየር፣ የግብር እፎይታ፣ የተረጋጋ መንግሥት፤ ሁሉም በሰንጠረዥ ተደርድሮ ነጥብ ተሰጥቶታል። እኔ የዳታ ሴንተር ኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ። ውሎዬ ከዩፒኤስ (መብራት ሲናጋ ሰርቨሩን በባትሪ ከሚያቆየው መሣሪያ)፣ ከጄኔሬተርና ከማቀዝቀዣ ጋር ነው። በእኔ በኩል ሲታይ ሰንጠረዡ ዋናውን ነገር ዘሎታል። የተቆጠረው ሁሉ የደህናው ቀን ነው።

ከሠራሁባቸው ቦታዎች በአንዱ ከሁለት የተለያዩ ድርጅቶች ሁለት የፋይበር (የኢንተርኔት) መስመር ተገዝቶ ነበር። አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይሠራል ተብሎ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የውሃ ቧንቧ ሊቀብር የመጣ ኤክስካቫተር አንዴ ሲዝቅ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ጠፉ። ሮጠን ወጥተን ጉድጓዱን አየን። ብርቱካናማውና ጥቁሩ ቱቦ ጎን ለጎን ተቆርጠዋል፤ ከውስጣቸው ቀጫጭኑ ፋይበር እንደ ፀጉር ተንጨባሯል። ለካስ ሁለቱም ድርጅቶች መስመራቸውን የዘረጉት በአንድ ቦይ ነው። ከዚያ ወዲህ «ሁለት መስመር አለን» ሲሉኝ ካርታውን አሳዩኝ እላለሁ።

አገሪቱ ትንሽ ስትሆን ይህ ነገር የአገር ጉዳይ ይሆናል። የፓሲፊክ ደሴቶቿን አገር ቶንጋን ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኛት አንድ የባሕር ውስጥ ኬብል ብቻ ነበር። በጃንዋሪ 2022 (የምጠቅሰው ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ኬብሉን በጣጠሰው። ዋናው መስመር እስኪጠገን አምስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። የኬብል ቁጥር መብዛቱም ብቻውን አያድንም። በማርች 2024 ከአይቮሪ ኮስት ዳርቻ ፊት ለፊት በአንድ ቀን አራት ኬብሎች ተጎድተው የብዙ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ኢንተርኔት ተናግቷል። ስለዚህ ኬብሎቹ ስንት እንደሆኑ ከመቁጠር በፊት የት የት ከባሕር እንደሚወጡ፣ በየት በየት እንደሚያልፉ ይጠየቅ።

ወደ መብራቱ ልምጣ፤ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። ትልቅ አገር ላይ አንድ ዳታ ሴንተር ቢተከል የመብራት ኔትወርኩ ልብ አይለውም። ትንሽ አገር ላይ ግን አገሩን ያናውጣል። አየርላንድን ተመልከቱ። በ2015 ዳታ ሴንተሮች ከአገሪቱ የተለካ የኤሌክትሪክ ፍጆታ የሚወስዱት 5 በመቶ ነበር። በ2023 ድርሻቸው 21 በመቶ ደረሰ። በዚያው ዓመት የከተማ ቤቶች ሁሉ ተደምረው የተጠቀሙት 18 በመቶ ነው። ደብሊን አካባቢ አዲስ ዳታ ሴንተር ከመስመር ጋር ማገናኘት ለዓመታት ቆሞ ነበር። መብራቱ ርካሽ ነው፣ ሕጉ ምቹ ነው ብሎ ቦታ ገዝቶ የጠበቀ ባለሀብት ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም። ሲንጋፖርም ከ2019 ጀምራ በሩን ለሦስት ዓመት ገደማ ዘግታ፣ ስትከፍት ለጥቂቶች ብቻ በልክ ነው የፈቀደችው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገርም አለ። ዩፒኤስ ከውጭ የሚመጣው ቮልቴጅ ትንሽ ሲንገጫገጭበት ጭነቱን ከኔትወርኩ አንስቶ ወደ ባትሪ ይወስዳል። ሰርቨሩን ሊያድን ነው፤ ሥራውም ነው። ግን ሁሉም ዳታ ሴንተር ባንዴ እንዲህ ቢያደርግስ? በጁላይ 2024 አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የከፍተኛ ኃይል መስመር ተበላሽቶ 1,500 ሜጋ ዋት ያህል የዳታ ሴንተር ጭነት በቅጽበት ከኔትወርኩ ወረደ። የአሜሪካ ምሥራቃዊ ኔትወርክ ግዙፍ ስለሆነ ቻለው። የአየርላንድ ከፍተኛው የክረምት ፍጆታ ግን 6 ሺህ ሜጋ ዋት ገደማ ነው። ያን ያህል ጭነት እዚያ ባንዴ ቢወርድ የኔትወርኩ ፍሪኩዌንሲ (የሚመነጨውና የሚፈጀው መብራት መመጣጠኑን የሚያሳየው ልክ) ወዴት እንደሚሄድ የማከፋፈያ ጣቢያ ሠራተኛ ሁሉ ይገባዋል።

ትንሽ አገር አይሆንም እያልኩ አይደለም። እንዲያውም አይስላንድን እወዳታለሁ። ኤሌክትሪኳ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃና ከከርሰ ምድር እንፋሎት የሚመነጭ ነው። አየሩ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ማቀዝቀዣው ብዙ አይለፋም፤ የእኔ ዓይነት ሰው ለዚህ ይቀናል። ከባሕር ማዶ የሚያገናኟት ኬብሎችም አንድ ብቻ አይደሉም፤ በ2023 ወደ አየርላንድ የሚሄድ አዲስ መስመር ተጨምሮላታል። ቢሆንም በዲሴምበር 2021 የግድቦቿ ውሃ ቀንሶ የመንግሥቱ ኃይል አመንጪ ድርጅት ለዓሣ ዱቄት ፋብሪካዎች፣ ለአሉሚኒየም ማቅለጫዎችና ለዳታ ሴንተሮች የሚሰጠውን መብራት ቀንሷል። መብራታቸው የተቀነሰው በውላቸው ላይ «ሊቋረጥ ይችላል» የሚል አንቀጽ የነበረባቸው ናቸው። ዋጋው የረከሰላቸውም በዚሁ አንቀጽ ምክንያት ነው። ዋጋውን ብቻ አንብቦ አንቀጹን የዘለለ ገምጋሚ ጉድ ይሆናል።

ርቀቱም አለ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአይስላንድ ዋና ከተማ ከሬይኪያቪክ ለንደን በቀጥታ 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልሱ ብቻ ከ19 ሚሊ ሰከንድ በታች አይወርድም፤ ኬብሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ለማሠልጠን ይህ ምንም ማለት አይደለም። በቅጽበት ለሚካሄድ የአክሲዮን ግብይት ግን ፈጽሞ አይሆንም። ስለዚህ «ይህች አገር ትሆናለች ወይ» ከማለት በፊት ለምን ሥራ እንደሆነ ይነገር።

ትንሽ መሆን የሚጠቅምበት ጊዜም አለ። ሉክሰምበርግና ኢስቶኒያ በ2017 በተፈራረሙት ስምምነት የኢስቶኒያ መንግሥት ዳታ ሉክሰምበርግ ውስጥ ተቀምጦ እንደ ኤምባሲ ጥበቃ ያገኛል። እንዲህ ያለ ሕግ ትልቅ አገር ውስጥ ሲጎተት ይከርማል ብዬ እገምታለሁ።

ዳታ ሴንተር ብዙ የሥራ ዕድል ይከፍታል ብላችሁ የጻፋችሁትን ግን ብታርሙት ደስ ይለኛል። ሕንፃው ሲገነባ ብዙ ሰው ይሠራል፤ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሰፈር የሚያክል ሕንፃ ሌሊቱን የሚያድረው በጥቂት ተረኞች እጅ ነው። ያንን ተስፋ አድርጎ መብራቱን የሚያጋራ ሕዝብ እውነቱን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ለየአገሩ ሦስት ነገር ጨምሩልኝ። ካለፉት ዓመታት የግድቡ ውሃ ዝቅተኛ በሆነበት ዓመት ስንት ሜጋ ዋት ተረፈ? የኬብሎቹ መስመር በካርታ ሲታይ የት ላይ ይገናኛል? መብራት ሲያንስ ቀድሞ የሚቋረጠው ማን ነው፤ ሰርቨሩ፣ ፋብሪካው ወይስ መኖሪያ ቤቱ?

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዳታ ሴንተር ኤሌክትሪክ ባለሙያ