ያላገባችዋም ሴት ትታሰብ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ ቤተሰብ ምጣኔ በሬዲዮ የሚነገረው ሁሉ ለባልና ሚስት ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ መምህር ነኝ፤ የሚያሳስቡኝ ግን ሌሎች ናቸው። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጃገረዶች፣ በየሆቴሉና በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ፣ እንዲሁም በልጅነታቸው ተድረው ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው የፈቱ። ጎጃም ውስጥ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ጥቂት አይደሉም።

የእርግዝና መከላከያው በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል፤ የጋብቻ ወረቀት አምጪ የሚል ሕግም የለም። ልጅቷን የሚያስፈራት የወረፋው ወንበር ነው። አጠገቧ የእናቷ የማኅበር ጓደኛ ተቀምጣለች፤ ካርድ የሚያወጣውም የሰፈር ሰው ነው። ይህን ሁሉ አልፋ ብትገባ «አግብተሻል?» ትባላለች።

ስለዚህ ወደ መድኃኒት ቤት ትሄዳለች። እዚያ የምትገዛው ድንገተኛ መከላከያ ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢወሰድ ይረዳል እንጂ ለዘወትር የተሠራ አይደለም። የሦስት ወሩ መርፌ ወይም ክንድ ላይ የሚቀበረው ይበጃታል ብሎ የሚመክራት የለም።

ባልደረቦቼ «ብልግናን ታበረታታለህ» ይሉኛል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ካገቡት 36 በመቶው፣ ግንኙነት ካላቸው ያላገቡ ሴቶች ደግሞ 58 በመቶው መከላከያ ይጠቀሙ ነበር። ፈላጊዎቹ ድሮም አሉ፤ የቀሩትስ ወዴት ይሂዱ?

ጤና ጣቢያዎቻችን ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚሠራ፣ መግቢያው የተለየ የወጣቶች ክፍል ይክፈቱ።

አንድ መምህር
ከደብረ ማርቆስ