አሸዋ ቆፋሪው ዓሣ የጽዳት ዕቃ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በምኖርበት በቨርጂኒያና በአካባቢው፣ የጨው ውሃ አኳሪየም በቤታቸው ወይም በንግድ ቤታቸው ያላቸው ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። ከእነርሱ ጋር ስንጨዋወትም ሆነ በዓሣ መሸጫ መደብሮች ስዘዋወር ደጋግሜ የምሰማው አንድ ምክር አለ። ምክሩ በአንድ ምስኪን ፍጥረት ላይ ጉዳት ሲያደርስ ስለማይ፣ ይህ ደብዳቤ በጋዜጣዎ የአንባብያን ዓምድ እንዲወጣልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሚባለው «ዳይመንድ ጎቢ ይግዙ፤ አሸዋዎን ያጸዳልዎታል» ነው።

እኔ ራሴ የዚህ ዓሣ ጥንድ አሉኝ፤ እጅግም እወዳቸዋለሁ። ስለዚህ ዓሣውን ማንም አይግዛ ለማለት አልተነሣሁም። ዓሣው እንደ መጥረጊያ ተቆጥሮ መሸጡ ግን ሊቀር ይገባል፤ የሚገዛውም ሰው ምን ዓይነት ነዋሪ ወደ ቤቱ እንደሚያስገባ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።

ዳይመንድ ጎቢ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቫለንሲኔያ ፑኤላሪስ፣ ነጣ ባለ ሰውነቱ ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣቦች ያሉት፣ በአኳሪየም ውስጥ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚያድግ የባሕር ዓሣ ነው። መኖሪያው ከቀይ ባሕር ተነሥቶ በሕንድ ውቅያኖስ በኩል በፓስፊክ እስካሉት የሳሞአ ደሴቶች ድረስ ይዘልቃል፤ ለእኛ ቀጠና ባዕድ አይደለም። ምግቡን የሚያገኘው ከአሸዋ ነው። አፉን እስከ ዓይኑ ሥር ድረስ አሸዋው ውስጥ ይሰካና ጉንጩን ሞልቶ ይነሣል፤ ከመሬቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ባለበት ይንሳፈፋል፤ መንጋጋው ሲያላምጥ ይታያል፤ ወዲያውም አሸዋው በግራና በቀኝ ስንጥቦቹ በኩል እየፈሰሰ ይወርዳል። እህል በወንፊት እንደሚነፋ ሁሉ፣ ሌላውን አሳልፎ የሚፈልገውን ያስቀራል። ከንጋት እስከ ምሽት ሥራው ይኸው ነው፤ እኔም ከሥራ መልስ መስታወቱ ፊት ተቀምጬ ይህን ማየት አይሰለቸኝም።

የሚፈልገው ግን ቆሻሻ አይደለም። በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል የሚኖሩትን ኮፔፖድ የሚባሉ ደቃቅ ፍጥረታትን፣ ጥቃቅን ትላትልንና መሰሎቻቸውን ነው የሚበላው። አሸዋው ነጭ ሆኖ የሚታየው በየጊዜው ስለሚገላበጥና አልጌው ሥር የሚሰድበት ፋታ ስለሚያጣ ነው። ቆሻሻው ከአኳሪየሙ አይወጣም፤ ከሥር ተነሥቶ ወደ ውሃው ይገባል፤ ማጣሪያው ካልያዘው ተመልሶ ድንጋዩ ላይ ይተኛል። የዓሣው የራሱ እዳሪም በዚያው ላይ ይጨመራል። በአንጻሩ በአሸዋው ውስጥ የምግብ ትርፍራፊ እየበሉ እውነተኛውን የጽዳት ሥራ የሚሠሩት ጥቃቅን ፍጥረታት በዓሣው አፍ እየተለቀሙ ያልቃሉ።

በባሕር ውስጥ ይህ ችግር አይሆንም፤ አሸዋው ሰፊ ነው፤ ያለቀውም ይተካል። በ200 ሊትር አኳሪየም ውስጥ ግን በአሸዋው ያለው ሕይወት አንድን ዓሣ ለረጅም ጊዜ ሊቀልብ አይችልም። ሻጩ «ምግቡን ራሱ ይፈልጋል» ብሎ የሸጠው ዓሣ በባለቤቱ ዓይን ፊት ቀስ በቀስ ይከሳል። ሆዱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ከራሱ በስተኋላ ያለው ሥጋ ይሟሽሻል፤ እርሱ ግን ቁፋሮውን አያቋርጥም። የሚያሳዝነኝም ይህ ነው፤ አሸዋው እጅግ አምሮ የሚታይበት ጊዜ ዓሣው እጅግ የተራበበት ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ እንግዳም «እንዴት ያለ ንጹሕ አኳሪየም ነው!» እያለ ያደንቃል። አንድ ወዳጄ ቤት ያየሁት እንዲህ ያለ ዓሣ ነበር። ወዳጄ ቸልተኛ ሰው አይደለም፤ የተነገረውን አምኖ ነው።

ስለሆነም ይህን ዓሣ የሚያኖር ሰው በየቀኑ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሊያበላው ይገባል። ማይሲስ ሽሪምፕ የሚባለው፣ ፍሪዘር ውስጥ የሚቀመጠው ምግብ፣ ለእርሱ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ወደ ታች የሚሰምጥ እንክብልም ከለመደ ይበላል። ሌሎቹ ዓሦች ከላይ ሆነው እየተሻሙ ለእርሱ ስለማያስተርፉለት፣ ምግቡን በረጅም ቱቦ ወይም በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ማድረስ ያስፈልጋል። እኔ ዘንድ ያሉት ጥንዶች ሲሪንጁን ሲያዩ ከጉድጓዳቸው ወጥተው ይጠብቁታል።

የአኳሪየሙ አሠራርም ከዓሣው ጠባይ ጋር መስማማት አለበት። በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር የምፈልገው ስለ ድንጋዩ ነው። ድንጋይ በአሸዋ ላይ ተቀምጦ ዳይመንድ ጎቢ ከገባ፣ ዓሣው መኖሪያ ጉድጓዱን የሚቆፍረው በዚያው ድንጋይ ሥር ስለሆነ መሠረቱን ይንደዋል። ከባድ ድንጋይ ሲወድቅ ዓሣውን ይደፈጥጣል፤ መስታወቱንም ሊሰነጥቅ ይችላል። ድንጋዩ አስቀድሞ በቀጥታ በአኳሪየሙ ወለል ላይ ተደላድሎ መቀመጥ፣ አሸዋውም ከዚያ በኋላ በዙሪያው መፍሰስ አለበት። አሸዋው ደቃቅ፣ ጥልቀቱም ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ቢሆን መልካም ነው፤ ሹል ስብርባሪ የበዛበት ጠጠር አፉንና ስንጥቡን ያቆስለዋል። ለብዙ ጊዜ ሳይነካ የቆየ ወፍራም አሸዋ ላይ ይህን ቆፋሪ በድንገት መልቀቅም አደገኛ ነው፤ ኦክስጅን በማይደርስበት ጥልቀት የተጠራቀመ ዝቃጭና የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ወደ ውሃው ሊወጣ ይችላል።

ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች አሸዋ ላይ የሚቀመጡ ኮራሎቻቸው በማግስቱ ተቀብረው ቢያገኟቸው አይደነቁ፤ ከፍ ወዳለ ድንጋይ ያውጧቸው። የውሃ ፓምፑም ከአሸዋው ራቅ ብሎ መሰቀል አለበት። ክዳንን በተመለከተ ምርጫ የለም፤ ይህ ዓሣ ሲደነግጥ ይዘላል፤ ብዙዎቹም የሚሞቱት ወለል ላይ ወድቀው ነው። ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው መረብ ከላይ ቢወጠር አየሩንም ብርሃኑንም ሳይከለክል ዓሣውን ያተርፈዋል።

ይህን ሁሉ ላሟላ ሰው ዓሣው የሚሰጠው ደስታ ብዙ ነው። በባሕር ውስጥ ወንድና ሴት ተጣምረው በአንድ ጉድጓድ ይኖራሉ፤ በአኳሪየምም ተስማምተው ከተጣመሩ እንዲሁ ነው። ብርሃኑ ሊጠፋ ሲል አንዷ የዛጎል ስባሪ በአፏ ይዛ ትመጣለች፤ ሌላው ከውስጥ አሸዋ እየገፋ ይደርሳል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ገብተው በሩ ከውስጥ በአሸዋ ይደፈናል። በማለዳም ያው አሸዋ ከውስጥ ተገፍቶ ሲፈርስና መጀመሪያ አንድ ራስ፣ ቀጥሎ ሌላው ብቅ ሲል ይታያል። ልጆቼ ከትምህርት ቤት በፊት ይህን ሳያዩ መውጣት አይፈልጉም።

አነስ ያለ አኳሪየም ላለው ሰው ከሽሪምፕ ጋር የሚኖሩትን ጎቢዎች እመክራለሁ። በእነዚህ ዘንድ ቆፋሪው ሽሪምፑ ነው፤ ዓይኑ ደካማ ስለሆነ ሲወጣ አንዱን ቀንድ መሳይ ዳሳሹን በዓሣው ላይ አድርጎ ይሠራል፤ ዓሣው አደጋ ሲያይ ጅራቱን ያርገበግብለታል፤ ያን ጊዜ ሽሪምፑ ወደ ውስጥ ይሮጣል። ከእነዚህ ሽሪምፖች አንዱ አልፊየስ ጂቡቴንሲስ ይባላል፤ በ1909 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች አቆጣጠር ስሙ ሲወጣለት የተጠራው በጎረቤታችን በጂቡቲ ነው። እነዚህ ጎቢዎች ከጉድጓዳቸው በላይ በውሃ የሚያልፈውን ምግብ ስለሚቀልቡ፣ ሕይወታቸው በአሸዋው ውስጥ ባለው ምግብ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም።

ለአኳሪየም የሚሸጡት የባሕር ዓሦች አብዛኞቹ ከባሕር የተያዙ ናቸው፤ ከፊሊፒንስና ከኢንዶኔዥያ በከረጢት ውሃ ተጭነው ብዙ ሰዓት ተጉዘው ነው አሜሪካ የሚደርሱት። ይህን መንገድ አልፎ የመጣ ዓሣ በቂ ምግብ ሳያገኝ እንዲከሳ መተው ተገቢ አይደለም። መደብሮችም በየመስታወቱ ላይ ከዋጋው ጎን የዓሣውን ምግብ፣ የሚያድግበትን መጠንና የሚያስፈልገውን የአኳሪየም ስፋት ቢጽፉ ብዙ አያስቸግራቸውም፤ ደንበኞችም ይህን ብንጠይቅ መብታችን ነው።

አንባብያን ዳይመንድ ጎቢ ሊገዙ ሲሄዱ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ሻጩ ዓሣውን በፊታቸው እንዲያበላው ይጠይቁ። የቀረበለትን ምግብ የማይበላ ወይም ሆዱ የተሰረጎደ ከሆነ ይተዉት። በቤታቸው እንዲህ የከሳ ዳይመንድ ጎቢ ያላቸው ደግሞ ከዛሬ ጀምረው በትንሽ በትንሹ ቀን ውስጥ አራት ጊዜ ያህል ያብሉት፤ እየበላ ካልወፈረ የሆድ ውስጥ ጥገኛ ትል ሊኖርበት ስለሚችል፣ ለብቻው በተዘጋጀ ውሃ አውጥተው የዓሣ ሕክምና የሚያውቅ ባለሙያ ያማክሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢዎ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ