ደብዳቤ ለልጄ፦ ያን ፍሬ ሳታስፈጭ አታብላቸው

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአክስትህ ልጅ ካለህበት ከአፋር፣ ከአሚባራ ሲመለስ እኛ ዘንድ አድሮ ነበር። ፍየል መግዛትህን ከእሱ አፍ ሰማሁ። ከአንተ ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር፤ ይሁን። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላው ወሬው ነው፦ «መኖ አይገዛም፤ ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃማ ዛፍ ፍሬ ከሥሩ እየለቀመ በጆንያ ያፈስላቸዋል፤ በነጻ እያደለበ ነው» አለኝ። ልጄ፣ ያን ፍሬ ሳታስፈጭ አታብላቸው።

ጨርሶ ተው ማለቴ አይደለም። ፍሬው ስኳር አለው፣ ዘሩ ፕሮቲን አለው፣ ሣር በጠፋበት ወቅትም ያፈራል። ግን አንዱን ደረቅ ፍሬ አንሳና በጣትህ ስበረው። ከላይ ገለባ የመሰለ ቢጫ ቆዳ አለ። ከሥሩ ጣት ላይ የሚጣበቅ ጣፋጭ ሥጋ ታገኛለህ። ከዚያ ውስጥ ዘሮቹ እያንዳንዳቸው በጠንካራ ልባስ ተጠቅልለው በተርታ ተቀምጠዋል፤ በቢላ ካልፈለቀቅካቸው አይወጡም። ዘሩ ራሱ ቡናማና ጠፍጣፋ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ቆዳው ውሃ አያስገባም። ፍየሏ የምትፈልገው ጣፋጩን ነው። ፕሮቲኑ ያለው ዘሩ ውስጥ ስለሆነ ሳይሰበር የተዋጠው ከነፕሮቲኑ ከበጠጥ ጋር ይወጣል። ሆዷ ውስጥ ማለፉ ደግሞ ቆዳውን ያሳሳለታል፤ መሬት ሲነካ ፍጉ አብሮት አለ፣ የቀረው ዝናብ ብቻ ነው። ከፍየል ይልቅ ከብትና ግመል ብዙውን ዘር ሳይሰብሩ ያሳልፋሉ፤ ላም ልግዛ ካልክ ይህን አስብ።

ዛፉ የአገራችን አይደለም፤ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በመካከለኛው አዋሽ የመስኖ እርሻዎች አካባቢ ለጥላና ለንፋስ መከላከያ ተብሎ ተተከለ። አሁን በአፋር ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል። ያን ሁሉ ሰው አልተከለውም። ጎርፍና የመስኖ ቦይ የበኩላቸውን አድርገዋል፤ ዋናው ግን የከብቱ ሆድ ነው። አንተም በአንድ ጆንያ ፍሬ የጎረቤትህን ግጦሽ ልታጠፋበት ትችላለህ።

የኬንያውን ነገር ሰምተህ እንደሆነ አላውቅም። በባሪንጎ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ኢልቻሙስ የሚባሉ አርብቶ አደሮች አሉ። እዚያም ይኸው ዛፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለማገዶና በረሃማነትን ለመከላከል ተብሎ ገባ። ግጦሹን ዋጠው፣ መንገዱን ዘጋው፣ እሾሁ የእንስሳቱን እግር አቆሰለ። ፍየሎቹ ሌላ ሲያጡ ፍሬውን ብቻ እየበሉ ኖሩ። ስኳሩ ጥርሳቸው ሥር እየተጠቀጠቀ ድዳቸውን አበላሸው፣ ጥርሳቸው ረገፈ። ጥርስ የሌላት ፍየል ደግሞ ሣር ቢመጣ ምን ታደርገዋለች? ሰዎቹ በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 መንግሥታቸውን ከሰሱና ጥርስ አልባ ፍየል ይዘው ናይሮቢ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዓለም ሁሉ ሣቀ፣ ጋዜጣው ሁሉ ጻፈ። እኔ አልሣቅሁም። እዚያ ለመድረስ ስንት ፍየል ሞቶባቸው ይሆን? ይህን ወሬ ባሰብኩ ቁጥር ያንተ ጆንያ ይታየኛል።

አሁን አሠራሩን ልንገርህና ወረቀቱ ላይ አስምርበት።

አረንጓዴውን አትልቀም። ይመራል፣ ሲከማችም ይሻግታል። ቢጫ ሆኖ የወደቀውን፣ ወይም ቅርንጫፉን ስትነቀንቀው የሚረግፈውን ሰብስብ፤ ዝናብ ሳይነካው። ዝናብ የነካው ጥቁር ነጥብ ካወጣ ጣለው። የሻገተ መኖ ጉበት ይጎዳል፣ እርጉዝ ፍየልም ያስወርዳል። ክብ ቀዳዳ ያለበት ፍሬ ነቀዝ የገባበት ነው፤ ከደህናው ጋር ካኖርከው ሁሉንም ይጨርስልሃል።

ሸራ ላይ አሳስተህ አስጣው፣ በቀን ሁለት ሦስቴ አገላብጠው፣ ማታ ጤዛ እንዳይመታው ሸፍነው። በእናንተ ፀሐይ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይበቃዋል። መድረቁን የምታውቀው ስታጥፈው ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው። ከታጠፈና ካልተሰበረ ገና ነው፤ ስኳሩ እየሞቀ ወፍጮው ላይ እንደ ማስቲካ ይለጠፍና ባለወፍጮው ሁለተኛ አያስገባህም። የእህል የድንጋይ ወፍጮ ቤት አትውሰደው። መዶሻ ያለው የመኖ ወፍጮ ፈልግ፣ ከፀሐይ እንዳነሳኸው እዚያው ቀን አስፈጭ። ከወንፊቱ ቀዳዳ አንድም ሙሉ ዘር ማለፍ የለበትም። ባለወፍጮውን አትመነው፤ ራስህ አንድ እፍኝ ዱቄት ሰፌድ ላይ አድርገህ ንፋው። የሚያብለጨልጭ ሙሉ ዘር ካየህ ድገመው በለው። ሳይፈጭ አታብላ ስልህ ግማሹ ሲፈጭ ይበቃል ማለቴ አይደለም።

ዱቄቱ እርጥበት ይስባል፣ ይደድራል። የሁለት ሳምንት ብቻ አስፈጭ፤ ጆንያውን ከመሬት ከፍ አድርገህ እንጨት ላይ አስቀምጥ።

ሠላሳ ኪሎ የምትመዝን ፍየል በቀን አንድ ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ትበላለች። ከዚያ ውስጥ ይህ ዱቄት ከ200 ግራም አይብለጥ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቀናት 50 ግራም ስጥ፣ በሁለት ሳምንት ቀስ እያልክ አድርሰው። ባዶ ሆድ ላይ በፍጹም! መጀመሪያ ድርቆሽ ወይም ጭድ፣ ከዚያ ዱቄቱን ከፍሩሽካ ጋር ደባልቀህ፣ ውሃና አሞሌ ሳይለይ። በአንዴ ብዙ ስኳር ከገባ ሆዳቸው ይኮመጥጣል፤ ይነፋሉ፣ መብላት ያቆማሉ፣ በጠጡ ይቀጥናል። ያን ካየህ ዱቄቱን አቁመህ ድርቆሽ ብቻ ስጥና የእንስሳት ሐኪም ጥራ።

መጠኑን የምለው ለሆዳቸው ብቻ አይደለም። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ለወራት አብዛኛው መኗቸው ይህ ፍሬ የሆነ ከብቶችና ፍየሎች ፊታቸው ይጣመማል። ፍሬው ውስጥ ያለ መርዝ መንጋጋን የሚያዝዘውን ነርቭ ይጎዳዋል፤ የማኘኪያ ጡንቻቸው ይሟሽሻል፣ ምራቅ ይዝረከረካል፣ የጎረሱት ከአፋቸው ይወድቃል፣ ይከሳሉ። መፍጨት ይህን አያጠፋውም። የሚያድንህ መጠኑን ማሳነስ ነው። «በነጻ ነው» ብለህ እፍኝ እንዳትጨምር፤ አውቅሃለሁ፣ ርካሽ ነገር ስታገኝ እጅህ አይመለስም።

እስካሁን ሳይፈጭ የበሉትን ደግሞ ሳምንት ሙሉ በረት ውስጥ አቆያቸው፤ ሆዳቸው ውስጥ ያለው ዘር እዚያው ይውጣ። በጠጡን ማሳ ላይ አትበትን፣ ጥረገውና አቃጥለው። በዝናብ ጊዜ በረቱ ዙሪያ የበቀለውን ገና ለጋ ሳለ፣ አፈሩ እርጥብ እያለ ከነሥሩ ንቀለው። ያረጀውን ከላይ ብትቆርጠው አንዱ ግንድ አምስት ሆኖ ይመለሳል። ከአንድ ስንዝር በላይ ቆፍረህ ከመሬት በታች ካልቆረጥከው ድካምህ ከንቱ ነው።

ለለቀማ ስትወጣ ነጠላ ጫማ አታድርግ፤ እሾሁ የመኪና ጎማ ይበሳል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትህ ካለፈበት ጤና ጣቢያ ሂድና ተከተብ። ዛሬ ነገ አትበል።

የኔ ጌታ፣ ሥራ መጀመርህ አኩርቶኛል፤ ቁጣዬን እንዳትይዝብኝ። እዚያ አካባቢ የቀረ ግራር ካለ፣ ያ ፍሬው እንደ ሽቦ የሚጠቀለለው፣ እሱን ለከሰል አታስቆርጥ። የእሱ ፍሬ የአገሩ ፍየል የኖረበት ነው። በበጋ ሲረግፍ ለቅመህ አስቀምጥ።

ፍየሎቹ ስንት እንደሆኑና ስንቷ እንዳረገዘች ጻፍልኝ። የወፍጮውን ገንዘብ አባትህ በአክስትህ ልጅ በኩል ይልክልሃል፤ ለሌላ እንዳታውለው። እስኪደርስህ ጆንያው ተዘግቶ ይቆይ፣ ሳይፈጭ አንድ ፍሬ አትስጣቸው።

የምትወድህ እናትህ